ሁሉም ጩኸት አይደል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፍላሽና ሚሞሪ የምሞላባት ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ስፒከር፣ አንድ የመስታወት ባንኮኒ። ባንኮኒው ውስጥ ቻርጀር፣ ኢርፎንና የስልክ ሽፋን። ሥራው ቀላል ነው። ሰው ይመጣል፣ «የሠርግ ዘፈን ሙላልኝ» ይላል፣ ትሞላለህ። «መዝሙር» ይላል፣ ትሞላለህ። ማንም ተመልሶ መጥቶ «ይሄ ያልኩህ አይደለም» ብሎኝ አያውቅም ነበር።

አንድ ቀን ጥቁር ቲሸርት የለበሰ ቀጫጫ ተማሪ መጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው። ባለ 4 ጂቢ ፍላሽ አቀበለኝና «ትራሽ ካለህ ሙላልኝ» አለ። ለእኔ ትራሽ ማለት ቆሻሻ ነው። ግራ ገብቶኝ አየሁት። «ትራሽ ሜታል፤ ሮክ ነው» አለኝ። ሮክ ሲል ተረጋጋሁ። ሱቁን ከእኔ በፊት የያዘው ሰው የተወልኝ «ከባድ ሮክ» የሚል ፎልደር ነበር። ከፍቼ እንኳ ሰምቼው አላውቅም። ከላይ እስከ ታች ገለበጥኩለት።

በማግስቱ ተመለሰ። አልተቆጣም። እንዲያውም ያዘነልኝ ነው የሚመስለው። «ወንድሜ፣ ይሄኮ ትራሽ አይደለም። ግማሹ ሀርድ ሮክ ነው። አራቱ ግራንጅ ናቸው። አንዱ ደግሞ ዱም ነው» አለ። እኔ ደግሞ ሰው ወረፋ ይዞ እየጠበቀኝ ነበር። ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ «ሁሉም ጩኸት አይደል እንዴ?»

ፈገግ አለ። ገንዘቡንም አልጠየቀኝም። ፍላሹን ኪሱ ከቶ ሄደ።

የከነከነኝ የልጁ ፈገግታ አይደለም። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰምቻት ስለማውቅ ነው። አጎቴ የቅኔ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ጎንጅ፣ ቀጥሎ ዋሸራ ተምረዋል። ቤተሰቡም ጎረቤቱም «የኔታ» ነው የሚላቸው። ከዚያ በፊት ባለው የፋሲካ ሰሞን ከከተማ የመጣ አንድ ዘመዳችን እቤታቸው ተቀምጦ «ቅኔው ሁሉ ያው አንድ ነው፤ ምኑን ነው የምትለያዩበት?» ብሎ ነበር። የኔታ ዝም አሉ። የጦፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ቅኔ አልቀኝም፣ አልቆጠርኩም። ግን እዚያ ቤት ነው ያደግኩት። «ችግሩ ከጆሮህ ነው» ብዬው ምሳው ሁሉ ተበላሸ።

እንግዲህ ያንኑ የሰውየውን ቃል ባንኮኒዬ ላይ ቆሜ ደገምኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው።

መብራት የሄደ ዕለት

ከሳምንት በኋላ ልጁን ዝናብ ያዘውና ሱቄ ገባ። የማርቆስን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጮቄ የወረደው ብርድ ጣራው ላይ አንድ ጊዜ ከተቀመጠ አይነሳም። ያን ዕለት መብራትም ሄዷል። ኮምፒውተሩ ጨልሟል፣ ደንበኛም የለም። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል አልኩና «እስቲ ያን ጊዜ ያልከኝን አስረዳኝ» አልኩት።

የሚያሰማኝ ነገር አልነበረውም። የስልኩ ባትሪ ሞቷል። ዛሬ ሳስበው የጠቀመኝ ይሄ ነው። ዘፈኑ ቢኖር ኖሮ የምሰማው ጩኸቱን ብቻ ነበር። እሱ ግን ባንኮኒው ላይ የነበሩትን ሁለት እስክሪብቶዎች አንስቶ መስታወቱን መምታት ጀመረ።

መጀመሪያ ዘና ያለ ምት መታ። ምቱ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ትንሽ ዘንበል ዘንበል ይላል። «ትከሻህን እየው» አለኝ። እውነትም ትከሻዬ እየተንቀሳቀሰ ነው። የጎጃም ትከሻ ደግሞ ምክንያት አይፈልግም። «ይሄ ሀርድ ሮክ ነው። ሌድ ዜፕሊን፣ ኤሲ/ዲሲ። አያቱ ብሉዝ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን፣ ስለሆነ ይወዛወዛል» አለ።

ቀጥሎ ምቱን አቀናው። መወዛወዙ ቀረ። ግራ እጁ እየመታ፣ የቀኝ መዳፉን ጠርዝ መስታወቱ ላይ አሳርፎ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ። ጊታሪስቱ እንዲህ የመዳፉን ጠርዝ ክሮቹ ላይ ሲያሳርፍ ድምፁ መንዘሩ ይቀርና ይታፈናል። «ጅውውው» ማለቱ ቀርቶ «ጁግ፣ ጁግ፣ ጁግ» ይላል። ሀርድ ሮክ ውስጥ ክሩ ይለቀቃል፣ ይተነፍሳል። ሄቪ ሜታል ውስጥ ክሩ ይታነቃል። ጁዳስ ፕሪስት ብሉዙን ከውስጡ እያወጡ የጣሉት እንዲህ ነው አለኝ። ትከሻዬ ቆመ። የሚነቀነቀው አንገቴ ሆነ።

ይህቺን መለኪያ እስከ ዛሬ እጠቀምባታለሁ። ትከሻ ከሆነ ሀርድ ሮክ፣ አንገት ከሆነ ሜታል። መጽሐፍ ላይ የለችም፤ ግን ብዙም አሳስታኝ አታውቅም።

ከዚያ እስክሪብቶዎቹ ፈጠኑ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሳል፣ ታክ-ቱክ-ታክ-ቱክ፣ በደቂቃ 200 ምት ገደማ። ትራሽ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ እነ ሜታሊካና ስሌየር የእንግሊዞቹን ሄቪ ሜታል ወስደው ፐንክ በሚባለው አጭርና ጥድፊያ የበዛበት ሮክ ፍጥነት ነዱት። ዘፋኙ ይጮኻል፤ ቃሉ ግን ይሰማል። ምቱም ቢፈጥን ይቆጠራል።

«ዴዝ ሜታልስ?» አልኩት። እስክሪብቶዎቹን አስቀመጠና ጣቱን ወደ ቆርቆሮው ጣራ ቀሰረ። ዝናቡ ወርዶብን ነበር። «ያንን ስማ» አለ። «የእግር ከበሮው እንደዚያ ነው። መቁጠር ስታቆም ዴዝ ገብተሃል። ዘፋኙም መጮኹን ትቶ ከጉሮሮው ሥር ያጉረመርማል።» ጣራውን ሰማሁ። እውነትም ጠብታ ከጠብታ አይለይም፣ አንድ የተዘረጋ ድምፅ ነው። ከዚያ ሰከንድ በፊት ሁለቱን አንድ ነገር ያደረግኳቸው ሰው እኔ መሆኔ ገረመኝ።

ዱም ሲመጣ ደግሞ አንዴ መታ። ጠበቀ። እንደገና መታ። ጠበቀ። «ሞተ እንዴ?» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን።

ሲስቅ እኔ ሌላ ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር። በልጅነቴ ሚያዝያ 30፣ የማርቆስ ዕለት፣ ማኅሌት ቆሜ አድራለሁ። ቆሜ ነው ማለት ይከብዳል፤ የየኔታ ጋቢ ውስጥ ተሸጉጬ እንቅልፌን እታገላለሁ። ግን ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን ከበሮው ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲያልፍ አውቃለሁ። መረግዱ ላይ ምቱ ይረጋል፣ በመሃሉ ትተነፍሳለህ። ጽፋት ሲሆን ጭብጨባው ይመጣል፣ ይፈጥናል፣ እንቅልፉም ይበናል። ከውጭ የመጣ ሰው ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ከበሮ የሰማ ይመስለዋል። ልጁ በእስክሪብቶ የሚያሳየኝን ዓይነት ልዩነት የሚሰማው ጆሮ ድሮም ነበረኝ ማለት ነው። ሌላ ደጃፍ ላይ አልሞከርኩትም እንጂ።

የወለቀው ጥርስ

ችግር የመጣው ግራንጅ ላይ ነው። «ግራንጅን ምታልኝ» አልኩት። እስክሪብቶዎቹ ቆሙ።

«አይመታም» አለ። ኒርቫና ወደ ፐንክ ያደላል። ፐርል ጃም እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹን ሮክ ይመስላል። ሳውንድጋርደንና አሊስ ኢን ቼይንስ የብላክ ሳባዝ ክብደት አለባቸው። «ታዲያ ምን አንድ አደረጋቸው?» አልኩት። «ሲያትል» አለኝ።

ተናደድኩ። የከተማ ስም ድምፅ ይሆናል እንዴ? ሲፈጥን ትራሽ፣ ሲዘገይ ዱም፤ ይሄ ገብቶኛል። እስካሁን በምት ሲለይልኝ የነበረ ልጅ ድንገት ካርታ አወጣብኝ። ዝናቡም አባርቶ ነበርና ሄደ።

ማታ የኔታ ጋ ሄድኩ። መደቡ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ስለ ሮክ አላነሳሁም። «የኔታ፣ የጎንጅና የዋሸራ ቅኔ በምን ይለያል?» ብዬ ብቻ ጠየቅኩ። ያን ዘመዳችንን ያስታወስኳቸው መሰለኝ፣ ከንፈራቸው ሥር ፈገግ አሉ።

«መጀመሪያ የሚቆጠረውን ልንገርህ» አሉ። «ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው። መወድስ ስምንት ቤት ነው። ይሄንን በጣትህ ትቆጥረዋለህ፤ ከተማሪ ቤት ደጅ ያላለፈም ይቆጥረዋል። አንተ የጠየቅኸኝ ግን ሌላ ቤት ነው። እሱ በጣት አይቆጠርም።»

ቆሎዋን ትተው ዝም አሉ። ከዚያ ይህን ነገሩኝ።

«የእኔ መምህር የፊት ጥርሳቸው ወልቆ ነበር። ሲቀኙ ‹ሰ› ላይ ያፏጫሉ። እኛ ሠላሳ ምናምን ተማሪ ነበርን፣ ሁላችንም ባለ ሙሉ ጥርስ። ሁላችንም ‹ሰ› ላይ እናፏጭ ነበር። ኋላ እኔ ሌላ አገር ስሄድ አንድ የማላውቀው ሰው ማኅሌት ላይ ሲቀኝ ሰማሁ። ያፏጫል። ጥርሱን አየሁት፣ ደህና ነው። ሲጨርስ ጠጋ ብዬ ‹የእገሌ ልጅ ነህ› አልኩት። ደነገጠ። ‹በምን አወቁ?› አለ።»

«ምን አሉት?»

«‹በጥርስህ› አልኩታ!» ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። የሆነ ነገር ቦታው ሲገባ ተሰምቶኛል። በአማርኛ «ቤት» የምንለው ነገር ስንት ነው? የግጥሙ መስመር ቤት ነው፣ ሲገጥም ቤት መታ ይባላል። ትምህርቱም ቤት ነው፤ የጎንጅ ቤት፣ የዋሸራ ቤት። አንዱ ይቆጠራል። ሌላው ማን ማንን አስተማረ የሚል ነገር ነው። ልጁ ትራሽን ሲመታልኝ የመጀመሪያውን ቤት ነው ያሳየኝ። ግራንጅ ግን ሁለተኛው ዓይነት ቤት ነው። እኔ በጣት ልቆጥረው ሞከርኩ።

በነጋታው ልጁን ፈልጌ የጥርሱን ታሪክ ነገርኩት። ዓይኑ በራ። «አዮሚን አታውቅማ!» አለኝ።

ታሪኩን ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ቶኒ አዮሚ በርሚንግሃም ውስጥ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ዕድሜው 17 ነው። ሥራውን ለቅቆ ሙዚቀኛ ሊሆን የመጨረሻው ቀን ላይ ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ የጊታሩን ክር የሚጫነው ደግሞ በዚያው እጁ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ላዩን ቆዳ አለበሰው። የተወጠረ ክር ግን ያመዋል። ስለዚህ ቀጫጭን ክር ፈለገ፤ ኋላ ላይም ክሮቹን አላላቸው። የላላ ክር ድምፁ ይወርዳል፣ ይከብዳል። አዮሚ ጊታር የሚጫወትላቸው ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ዱም ሜታል የሚባለው ነገር በሙሉ የእነሱ ልጅ ነው።

«ዛሬ ዱም የሚጫወት ሁሉ ክሩን ያላላል» አለ ልጁ። «ጣቱ ግን ደህና ነው።»

ዝም ብለን ተያየን። የየኔታን መምህር ጥርስ ነው የሚነግረኝ።

ሲያትልም በዚህ መንገድ ተፈታች። እዚያው ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ከአንዲት ትንሽ ከተማ የወጡ ሜልቪንስ የሚባሉ ልጆች ነበሩ። ፐንክ ናቸው፤ ግን ፐንኩን እንደ ሳባዝ አዘገዩት። ብዙ ገበያ አላገኙም። የኒርቫናው ከርት ኮቤይን ገና ጎረምሳ ሳለ እነሱን ይከተል፣ ዕቃቸውን ይሸከም ነበር። ሳውንድጋርደንም ከእነሱ ዝግታን ወስደዋል። እንግዲህ የኒርቫናና የሳውንድጋርደን ድምፅ ባይመሳሰልም ያደጉት አንድ ግቢ ነው። ይሄን ሳላውቅ ግራንጅን በድምፁ ብቻ ልለየው መሞከሬ፣ የኔታን አግኝቶ መምህራቸው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ እንደሚሄድ ሰው መሆን ነበር። ልጁም ቢሆን ያን ዝናብ ዕለት «ሲያትል» ከሚል «ሜልቪንስ» ቢለኝ ኖሮ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ያተርፍልኝ ነበር። ነግሬዋለሁም።

ስም አውጪዎቹ

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ እየመጣ ፎልደሩን አብረን መበተን ጀመርን። «ከባድ ሮክ» ፈርሶ ዘጠኝ ሆነ። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ታዘብኩ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የሮክን ስም ግን ብዙ ጊዜ ጋዜጠኛ ወይም ነጋዴ ነው የሚያወጣው። ባለቤቱም እምቢ ይላል። የሞተርሄዱ ሌሚ የሄቪ ሜታል አባት ሲሉት «እኛ የምንጫወተው ሮክ ኤንድ ሮል ነው» እያለ ነው የኖረው። ኤሲ/ዲሲዎችም እንደዚያው። ግራንጅ ራሱ እድፍ፣ ቆሻሻ እንደማለት ነው። ሹጌዝ የሚባለው ደግሞ «ጫማ ተመልካች» ነው፤ ጊታሪስቶቹ እግራቸው ሥር የደረደሩትን የድምፅ መቀየሪያ ፔዳል ሲያዩ አንገታቸውን ስለሚደፉ የእንግሊዝ ጋዜጦች ያወጡላቸው የሽሙጥ ስም ነው። ስድቡ ሰነበተና ማዕረግ ሆነ።

እና በስም ስንጨቃጨቅ ብዙ እሑድ አባክነናል። ሞተርሄድን ፐንክ ውስጥ ልክተት አልኩ፤ ልጁ ሜታል ውስጥ አለ። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ጋ ገለበጥነው። ሃርድ ዲስኩ ሞላ እንጂ ማንም አልተጎዳም።

ያልከፈትነው ፎልደር ብላክ ሜታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ከዚያ ሰፈር ሰዎች አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት አቃጥለዋል። ልጁ «ሙዚቃው ሌላ፣ ሰዎቹ ሌላ» ብሎ ተከራከረኝ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የየኔታ የወንድም ልጅ ነኝ፤ ሱቄም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ብዙ አይርቅም። «እሱን ዶርም ሄደህ ስማ» አልኩት። ልዩነት መስማት ስለቻልኩ ሁሉንም እወዳለሁ ማለት አይደለም። ዴዝ ሜታልንም እስከ ዛሬ አልወደድኩትም። አሁን ግን የማልወደውን በስሙ አውቀዋለሁ።

ጥቀርሻ

የመጨረሻው ክርክራችን ጃኖ ባንድ ነበር። «ኤርታሌ» አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ ነበርና ሰው ይጠይቀኛል። ልጁ «ሀርድ ሮክ ውስጥ ክተተው፣ ጊታሩን ስማ» ይላል። እኔ «ዜማውን ስማ፣ የእኛ ነው» እላለሁ። ትከሻና አንገት የሚለውን መለኪያዬን ብሞክር ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ።

ልጁ አንድ እሑድ የተበደረውን ጊታር ይዞ መጣ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ መታ። ሙሉ ትዝታ ነው፤ ማንም ያውቀዋል። «አሁን ድምፆቹን ሳልቀይር ከላ ልጀምር፣ ላ ላይም ልረፍ» አለ። አምስቱ ድምፆች ያው ናቸው። ትዝታው ግን ጠፋ! በቦታው የማውቀው የሮክ ጊታር መጣ። የሮክ ጊታር ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ስኬል ይሄ ነው አለኝ። ደጋግሞ እንዲመታው ለመንኩት። ዶ ላይ ሲያርፍ አገሬ ነኝ፣ ላ ላይ ሲያርፍ በርሚንግሃም ነኝ። አንዲት ድምፅ እንኳ አልተጨመረችም፣ አልተቀነሰችም።

እንዲህ እያልን መሸ። የኔታ ከሰርክ ጸሎት ሲመለሱ እኔን ይዘው ሊሄዱ በር ላይ ቆሙ። ጃኖ በስፒከሩ እየጮኸ ነው። ልቀንሰው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። መቋሚያቸውን ተደግፈው አንዱን ዘፈን እስኪያልቅ ሰሙት። ፊታቸው ላይ መውደድም መጥላትም የለም። ማኅሌት ላይ የማያውቁት ሰው ሲቀኝ የሚሰሙት እንደዚያ ነው።

«የማን ቤት ነው?» አሉ።

ልጁና እኔ ተያየን። ሁለታችንም መልስ አልነበረንም።

«ድምፁስ የእኛ ነው» አሉ የኔታ። «ቤቱ ግን አዲስ ነው። ጥቀርሻ ገና አልያዘም።» ከዚያ ብርዱ ሊጀምር ነው፣ ሱቅህን ዝጋ አሉኝ።

ከመዝጋቴ በፊት አዲስ ፎልደር ከፈትኩና «ጥቀርሻ ያልያዘ» ብዬ ጻፍኩበት። ጃኖን ብቻውን አስገባሁት።

ሱቋ ከተዘጋች ቆየች። ሰው ሁሉ በቴሌግራምና በዩቲዩብ መስማት ሲጀምር ፍላሽ የሚያስሞላ ጠፋ። ሃርድ ዲስኩን ግን አልጣልኩትም። ልጁ አሁን አዲስ አበባ ነው፣ ልጅም አይደለም። ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም አንድ ዘፈን ላከልኝ፤ ማን እንደዘፈነው አልጻፈም። የታፈነ ጊታር አለበት፣ ምቱ ዝግ ብሎ ይጀምርና መሃሉ ላይ ይፈጥናል፣ ዘፋኟ በአማርኛ ነው የምታዜመው። ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

«ምን ውስጥ ትከተዋለህ?» ብሎ ጻፈልኝ።

«እዚያው ውስጥ» ብዬ መለስኩለት። «ማን እንዳስተማራት ግን ጠይቅልኝ።»